«ሱከር አለሽ?» ሲሏት

ስሙኝማ፣ ጎረቤቴን ጡይባን ምጥ ያዛትና እያጣደፍኩ እዚህ በስደት ባለንበት ከተማ ሶባ የሚባለው ሐኪም ቤት አደረስኳት። ስኳር በሽታ እንዳለባት አውቃለሁ፤ ግድግዳችን ቆርቆሮ ስለሆነ እዚያ ቤት የማልሰማው ነገር የለም። የእርግዝና ክትትል ካርዷ ግን አል-ጣኢፍ ሰፈር የምትሠራበት ቤት ቀርቷል። ስለዚህ ነርሷ አዲስ ፋይል ከፍታ ትጠይቃት ጀመር። «ዒንዲክ ሱከር?» አለቻት፤ ስኳር አለሽ ወይ ማለቷ ነው፣ በሽታውን። ጡይባ ዕቃ የያዝንበትን ፌስታል አየት አድርጋ «ላ»፣ የለኝም አለቻት። ወዲያው ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ «እትዬ፣ የሻዩን ስኳር ቤት ረሳነው አይደል?» አለችኝ። ክው አልኩ። ነርሷ እኮ «የለባትም» ብላ ጽፋ ጨርሳለች።

የነርሷን እጅ ለቀም አደረግሁና «በሽታው አለባት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች» አልኳት።

«አንቺ ምኗ ነሽ?»

«ጎረቤቷ።»

ነርሷ የጡይባን ጣት ወግታ ስኳሯን ስትለካ፣ ከፍ ብሎ አገኘችውና ፊቷ ልውጥ አለ። የጻፈችውን ሰርዛ በቀይ «ስኳር አለባት» ብላ ጻፈችና ጡይባን ማዋለጃ ክፍል አስገቧት። እኔን ግን ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፤ ውስጥ ያሉት ወረቀቱን ሳያዩ ጉሉኮስ ቢሰቅሉባትስ? ነጭ ጋዋን የለበሰ ባለፈ ቁጥር እየተነሳሁ «የሐበሻዋን ወረቀት አንብባችኋል?» እላለሁ። በኋላ አንዲት ሐኪም ወጥታ ትከሻዬን ያዘችኝ።

«ኻልቲ» አለችኝ፣ አክስቴ ማለቷ ነው፤ «ሁላችንም አንብበነዋል። እሷም ደህና ናት፣ ልጁም ተወልዷል፤ የእሱንም ስኳር ለክተን ጽፈናል። አሁን ካልተቀመጥሽ ላንቺም ፋይል እንከፍታለን።»