በር ላይ የማይቆም ሥራ

በያጁን በስሙ የሚጠራው ሰው የለም፤ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ መጣሁ» ነው የሚለው። ስሙን ያወጣለት የገዛ አፉ ነው። የአንዱን በር ሳይጨርስ ሌላው ይጠራዋል፣ «መጣሁ» ይላል። ስልኩ ይጮኻል፣ «መጣሁ» ይላል። እውነቱን ለመናገር በዚያ መንገድ ላይ እንደ እሱ የሚለፋ አልነበረም፤ እንደ እሱ ሥራ የሚያድርበትም አልነበረም።

አንድ ቀን ጠዋት የመበየጃ ኤሌክትሮድ ሊገዛ የብረታ ብረት መደብር ሲገባ ከእህቱ ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመ። ልጅቱ ተምራ የራሷን ስፌት ቤት ከፍታለች፤ አሥራ አንድ ሠራተኛ ታስተዳድራለች። ሲያያት ደስ አለው፤ ወዲያው ደግሞ ፈራ፤ ምን እንደምትጠይቀው ያውቃላ።

«እንደምን አደሩ ጋሼ?»

«ደህና። እናትሽስ?»

«ደህና ናት። በመስኮት መንገዱን ታያለች።»

ይህች መልስ አንጀቱ ገባች። እናቷ ታላቅ እህቱ ናት፤ እናታቸው ከሞተች ጀምሮ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። እግሯ አልታዘዝ ካላት ሁለት ዓመት አለፈ። ተገዝቶ የመጣው ባለጎማ ወንበር በክፍሏ ጠባብ በር አላልፍ ብሎ ተመለሰ፤ በያጁም «ተዪው እትዬ፣ እኔ በልክሽ እሠራልሻለሁ» አላት። ይህን ካለ ስምንት ወሩ። ብረቱ ተቆርጦ ግድግዳ ተደግፎ አቧራ ይጠጣል።

«አልረሳሁም» አለ፣ ሳትጠይቀው።

«እንዳልረሱ እሷም ታውቃለች። ‹ወንድሜ ሥራ በዝቶበት ነው› ትላለች፤ ማንም በእርስዎ ላይ ክፉ እንዲናገር አትፈቅድም።»

«ታዲያ እውነቷን እኮ ነው። ትናንት ብቻ ስንት ሰው እንዳስተናገድኩ ታውቂያለሽ?»

«እስቲ ይንገሩኝ።»

በጣቱ እየቆጠረ ጀመረ። የአንዱ በር ማጠፊያ፣ የአንዷ ምድጃ እግር፣ የጎረቤቱ ብስክሌት፣ ደግሞ «የደቂቃ ሥራ ናት» ብሎ ገብቶ ሰዓት ተኩል የበላበት ሰውዬ። ሲናገረው ለራሱም ረዘመበት።

«ከእነዚህ ውስጥ አንድ ሳምንት ቢቆይ ሰው የሚጎዳበት የትኛው ነው?»

ጣቶቹን መልሶ አየ፤ አንድም አላገኘም። ግን እንዲህ በቀላሉ እጅ የሚሰጥ ሰው አልነበረም።

«አንቺ ልጅ፣ የተማርሽበት ደብተርና ብረት ለየቅል ናቸው። ሙያውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ በር ላይ የቆመ ሰው ይቅደም። ሠላሳ ዓመት ከሰው ጋር ተከባብሬ የኖርኩት በዚህ ነው።»

ልጅቱ ልትገዛው የያዘችውን ብሎን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «ጋሼ፣ እማዬ እኮ በር ላይ መቆም አትችልም» አለችው።

በያጁ ሠላሳ ዓመት እንደ ቅን ሕግ የያዘው ነገር መቆም ለሚችል ሰው ብቻ ሲፈርድ እንደኖረ ያኔ ታየው። እስቲ እኛም ራሳችንን እንመርምር፤ ትልቁ ሥራችን መቼ በር አንኳኩቶ ያውቃል? የሚያንኳኳው ትንሹ ነው፤ ትልቁ ጥግ ይዞ አቧራ እየጠጣ ይጠብቀናል።

«ታዲያ ምን ላድርግ? ደንበኛ ላባርር?»

«አያባርሩ፤ ሰዓት ይስጧቸው። እኔም እንደ እርስዎ ስባክን ነበር። አሁን ከመዝጋቴ በፊት ለነገ አንድ ሥራ እመርጣለሁ፤ አንድ ብቻ፣ ባልሠራው የሚቆጨኝን። ጠዋት ከሁለት እስከ አራት ሰዓት በሬ ዝግ ነው፣ ስልኬም መሳቢያ ውስጥ ነው። ከአራት ሰዓት በኋላ የመጣውን ሁሉ አስተናግዳለሁ።»

«ሰው ይቀየማል።»

«ሁለት ሰው ተቀይሞኝ ነበር። አንዷ ተመልሳ መጣች።»

«ሌላውስ?»

«ቀረ። ግን እሱን ላለማጣት ስል ምን እያጣሁ እንደነበር ሳስብ ነው የምደነግጠው።»

«እሺ፣ እሳት ቢነሳስ?»

«እሳት ከተነሳማ ይክፈቱ። የምድጃ እግር ግን እሳት አይደለም ጋሼ።»

ሳይወድ በግዱ ሳቀ።

ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ በጠመኔ «እስከ አራት ሰዓት ዝግ ነው» ብሎ ጻፈ፤ ስልኩን የብሎን ቆርቆሮ ውስጥ ከተተ። አንድ ሰው አንኳኳ፤ «መጣሁ» የምትለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰች፣ ዋጣት። ከዚያ በኋላ ጸጥታ ሆነ። ይህን ጸጥታ በገዛ ቤቱ ሰምቶት አያውቅም፤ ብረቱ ሲቀልጥ የሚያሰማው ድምፅ እንኳ አዲስ ሆነበት።

ቀና ሲል ገና ጎማ ያልገባለት የወንበሩ አካል በአራት እግሩ ቆሟል። የብየዳው መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቆራረጥ ሄዷል። ስድስት ሰዓት የሆነ መስሎት የግድግዳውን ሰዓት ቢያይ ገና ለአራት ሃያ ጉዳይ ነው። መነጽሩን አውልቆ ወንበሩን ዞሮ አየው። ስምንት ወር ያልገፋው ሥራ በአንድ ጠዋት እዚህ መድረሱ አስፈራው። «ይሄ ሰዓት እስከ ዛሬ የት ነበር?» አለ ለራሱ።

በሩን ሲከፍት አራት ሰዎች ጥላ ሥር ተቀምጠው ያወራሉ። አንዱ አጉረመረመ፤ ሌሎቹ «ሰዓቱን ካወቅን ምን ቸገረን» አሉ። ማጠፊያውን ከማጠፊያ፣ እግሩን ከእግር ጋር አንድ ላይ ስለሠራቸው የቀረው ሰዓት በቃቸው።

ወንበሩ በዘጠነኛው ቀን አልቆ በእህቱ ጠባብ በር አለፈ። ከዚያ ወዲህ በያጁ ሐሙስ ካለ ሐሙስ ሆነ፤ ደንበኛው እንደ ድሮ አልተመላለሰም፣ እሱም ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱ ይገባ ጀመር። ለሥራው ሰዓት የሰጠ ሰው ለሰውም ሰዓት እንደሚተርፈው በራሱ አየው።

አንድ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ በዝጉ በር በስተጀርባ የሰው ድምፅ ሰማ።

«ወንድሜ ሥራ ላይ ነው» ትላለች አንዲት ሴት። «አራት ሰዓት ሳይሞላ አይከፍትም። ተራ ያዝ ልጄ፣ ከእኔ ኋላ ነህ።»

እህቱ ናት። ያንን ሁሉ መንገድ በገዛ እጇ ጎማ እየገፋች መጥታለች። መበየጃው ከእጁ ወረደ። ሰዓቱን አየ፣ በሩን አየ፤ ከዚህ የሚበልጥ ምን ሥራ አለው?

«መጣሁ» አለ፤ በዚያችው ቅጽበት በሩ ተከፈተ።