የኮምፒውተሩ ድምፅ

ታክሲው ውስጥ ከፊቴ አንዲት እናት አሮጌ ኮምፒውተር ታቅፈው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ያለው ወጣት ጠየቃቸው።

«ምን ሆኖ ነው፣ እናቴ?»

«ድምፅ እምቢ ብሎ ነበር። ጎረቤታችን አስተማሪው ድምፁ እንዲጠራ ብሎ ድራይቨር የሚሉትን የድምፅ ፕሮግራም አዲስ ጫነበትና ጭራሽ ዝም አለ።»

«አሮጌውን ሳያጠፋ ጭኖት ነው። ሁለቱ ይጋጫሉ።»

«ባለቤቴ ሳይሞት ለልጅ ልጆቹ በወላይትኛ ተረት ቀድቶበታል። ድምፁ የቀረን እዚህ ውስጥ ነው።»

«ሌላ ቦታ አልገለበጡትም?»

«የለም፣ እዚሁ ነው።»

«እንግዲያው ፎርማት እናድርገው ቢሉዎት እሺ እንዳይሉ። ያለውን ሁሉ ነው የሚጠርገው።»

«ዛሬ እኮ ጥገና ቤት ፎርማት አደረጉልኝ። አሁን ድምፅ አለው ብለውኛል። ልጆቹም ቤት ተሰብስበው እየጠበቁኝ ነው።»

መውረጃዬ ኦቶና ነበር፤ ታክሲው ሲያልፈው «ወራጅ አለ» ማለት አቃተኝ።