የበቅሎ መውረጃው ድንጋይ

አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ፣ ሸዋርጋ? ነይ እስቲ፣ ከሱቄ ደጅ አረፍ በይ። ምን ዓይነት ፀሐይ ነው? የካቲት እንዲህ ከከረረ ሚያዝያ ምን ሊሆን ነው…

ይቺን መኪና አየሻት? ከሐኪም ቤቱ በር፣ ከዋንዛው ጥላ ሥር የቆመችውን። ስታምር! ባለቤቷም ይኸው መስታወቷን እየወለወለ ነው። ግድ የለም፣ እኛን አይሰማም፤ ሥራ ላይ ነው። ሰው ለንብረቱ እንዲህ ሲሳሳ ደስ አይልም? መኪና እኮ እንደ በሽተኛ አይደለችም፤ ፀሐይ ይጎዳታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉን ነበር… የኛ ሰው ግን እግሩን ለእንቁላሉ ትቶ በጎማ ሄደ። ሲያንሰው ነው!

የበቅሎ መውረጃው ድንጋይ እዚያው ነበር፣ አይደል? አሁንም አለ፤ መኪናዋ ተደግፋው ነው እንጂ። እርጉዙ፣ ሽማግሌው እሱን እየረገጠ ሲወርድ እንዴት ያጨናንቀን ነበር! ተገላገልን። አንካሳው ሞረዳ እንኳ አሁን ከታች ከወንዙ ዳር ከበቅሎው ወርዶ ዳገቱን በምርኩዙ ይወጣዋል። ሐኪሙ ያላዘዘለትን መድኃኒት ማን አዘዘለት?… እንዲህ ነው ለሰው ማሰብ።

ባለፈው ገበያ ዕለት አንዲት ባልቴት ከዲጋ በበቅሎ መጡ። ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሎ ለመርፌ ተቀጥረው ነው። ያለ ድንጋዩ መውረድ አይችሉም። «ተሸክመን እናውርድዎ» ብንላቸው፣ «በገበያ መሐል እንደ ጆንያ አልወርድም» አሉ፤ የጨዋ ልጅ ናቸው። ጎረቤቴን ዋጋሪን ላክሁት። ባለመኪናው ከፊት ለፊት ካራምቡላ ቤት ነበር። «አንዲት ባልቴት በበቅሎ ላይ ቀርተዋል፣ መኪናዋን ፈቀቅ አድርግልን» ቢለው፣ ብቅ ሳይል ከውስጥ ጮኾ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ማንም ትሁን፣ ዞራ ትግባ!» አየሽ ፍርድ? ፊት አይቶ የማያዳላ ዳኛ ዛሬ ከየት ይገኛል?

ባልቴቷ ታዲያ ጆሯቸው ገና አልደከመም። «ኢልመ ኮ… የልጄ ድምፅ ነው» አሉ። «በቅሎዬን መልሱልኝ። ስሙን ለሰው እንዳታነሱብኝ፣ አደራ።» መርፌውን ሳይወጉ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ከመደባቸው አልተነሱም አሉ።

እኔም ምዬላቸዋለሁ። መች ስም አነሳሁ? አንሥቻለሁ?… ውይ፣ ምነው ጨርቁ ከእጁ ወደቀ? ፀሐዩ መትቶት ይሆን? ከጥላው ሥር ሆኖ!

በይ እንመርቀው፤ አሜን እያልሽ ተቀበይኝ። ዕድሜ ይስጠው። መኪናውን ከዓይን ይሰውርለት። ወንድ ልጅ ይስጠው፣ ሴት ልጅ ይስጠው፣ ቤቱን ይሙላለት… እሱ ለእናቱ የሆነላቸውን ሁሉ፣ ልጆቹም ለእሱ ይሁኑለት።