የወልደ ሐዋርያት መገጣጠሚያ

ሁለት ነገር ስለ ገጠመ ብቻ ተስማማ ይባላልን? ኢንጂነር ኤጀታ ይህን ጥያቄ ይዞ ከፕራግ ተመልሷል፤ መልሱን ግን ገና አላገኘም። በትምህርት ላይ ሳለ፣ የዓለም የጭነት መኪና ሠሪዎች ወደ አንድ ልክ እየመጡ ነው ሲባል፣ "የማን ልክ?" እያለ መምህራኑን ያስቸግር ነበር። አገሩ ሲገባ ደግሞ እያንዳንዱ መኪና የየራሱ ልክ ያለው ጋራዥ ጠበቀው።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ወራት አንድ ጠዋት፣ ቀበና ድልድይ አጠገብ አውቶቡስ ሲጠብቅ አንድ አሮጌ ፒክአፕ ቆመለት። ነጂው የጋራዡ ኃላፊ ጋሽ ወልደ ሐዋርያት ነበሩ።

"ግባ እንጂ ኢንጂነር። ፕራግ አውቶቡስ በሰዓቱ ይመጣ ይሆናል፤ ቀበና ግን ቆመህ ትሸብታለህ።"

ሽማግሌው ደስ ብሏቸዋል። የልጃቸው ባል ገበየሁ ጎህ ሲቀድ ለወሎ እህል ጭኖ ወጥቷል።

"ተሳቢ አልጎደለም ነበር?" አለ ኤጀታ።

"ከምሥራቅ የመጣውን ተሳቢ ከምዕራብ በመጣው መኪና ኋላ አሰርኩለት። የአየር ቱቦአቸው አልገጥም ቢል ቶርኖ ቤት መገጣጠሚያ አሠራሁ። ትላልቆቹ መንግሥታት ያልታረቁትን እኔ በአንድ ቁራጭ ብረት አስታረቅሁ።"

"ጋሼ፣ መኪናው ሁለት ቱቦ አለው፤ ተሳቢው አንድ ብቻ። ከየትኛው ጋር አገናኙት?"

"ሁልጊዜ አየር ከሚሞላበት ጋር ነዋ።"

የኤጀታ ፊት ተለወጠ። "እንግዲያው ገበየሁ ፔዳሉን ሲረግጥ ተሳቢው አይሰማም። ጣርማ በር ቁልቁለት ሳይደርስ ማስቆም አለብን።"

"የእርዳታ እህል የጫነ መኪና? በዚህ ዘመን? አሻጥር ይሉሃል፣ ልጄ። አንተ ውጭ ከርመህ ነው፤ አሻጥረኛ የተባለ ሰው የት እንደሚያድር አታውቅም።"

"እኔ አስቆመዋለሁ።"

"ኬላ ላይ ያንተን ስም ማን ያውቃል? የእኛ መኪና የሚቆመው በእኔ ቃል ነው። እኔ ደግሞ ፈትሼዋለሁ። ቱቦውን ብነቅለው ተሳቢው እንደ ግትር በቅሎ ቀጥ አለ።"

ሽማግሌውን ያሳታቸው ስንፍና አልነበረም፤ ግማሽ ፈተና ነበር። ግማሽ ፈተና ያለፈ ሰው ጨርሶ ካልፈተሸው ይልቅ ልቡ ይደፍራል።

"ሾፌር ቁልቁለት ላይ ቱቦ ይነቅላል?" አለ ኤጀታ። "ያ ተሳቢ የሚይዘው ከቱቦው አየር ሲወጣ ነው። እርስዎ ያገናኙት አየሩ ከማይወጣበት ጋር ነው። ሜዳ ላይ መኪናው በራሱ ፍሬን ሁለቱንም ስለሚያቆም አይታወቅም። ቁልቁለት ላይ ግን ተሳቢው ከነጭነቱ ከኋላ ይገፋዋል።"

"ታዲያ ፈረንጆቹ ለምን ለየብቻ ሠሩት? ትናንት ለየብቻ ሸጡልን፤ ዛሬ ደግሞ አንድ ልክ ብለው ሌላ ሊሸጡልን?"

ይህ የራሱ የኤጀታ ጥርጣሬ ነበር።

"እኔም ጨርሼ አላምናቸውም። ግን እነሱም የተስማሙት ተዋደው አይደለም። ድንበር ሲሻገሩ የአንዱ ተሳቢ ለሌላው መኪና አልሆን ብሎ ስላስቸገራቸው ነው። በልጅነትዎ ከእንጦጦ ማዶ ቁናው በየገበያው ይለያይ ነበር ብለውኝ የለም? ማን ነበር የሚጎዳው?"

"ገበሬው። ነጋዴውማ ሁሉንም ቁና ያውቀዋል።"

"እንግዲህ ዛሬ ገበሬው ገበየሁ ነው።"

ሽማግሌው ፒክአፑን አፈጠኑት።

ጋራዡ ግቢ ውስጥ እንደዚያው የተገጣጠመ ሌላ መኪናና ተሳቢ ለነገ ተዘጋጅቶ ቆሟል። ኤጀታ ሞተሩን አስነስቶ አየሩ እስኪሞላ ጠበቀ። ጋሽ ወልደ ሐዋርያት በተሳቢው ጎማ አጠገብ ተንበርክከው የፍሬኑን ዘንግ ተመለከቱ።

"ርገጥ።"

"ረግጫለሁ።"

"ርገጥ እኮ ነው የምልህ።"

"ረግጫለሁ፣ ጋሼ።"

ዘንጉ አልተነቃነቀም። ሽማግሌው ቱቦውን ነቀሉት፤ አየሩ ፉጨቱን ለቀቀና ዘንጉ ዘለለ። መልሰው ሰኩት።

"እንደገና ርገጥ።"

ምንም የለም። ጉልበታቸውን ሳያራግፉ ተነሡ። "ለካ እኔ የፈተሽኩት ሲበጠስ ነው፤ ሲነዳ አይደለም።"

ወደ ሬዲዮ ክፍል ሲገቡ ይሮጡ ነበር። የሬዲዮ ሠራተኛዋ ፈትለወርቅ እህል የጫነ መኪና ማስቆም ስትሰማ እጇን ከማሽኑ ላይ አነሣች።

"በማን ስም ልላክ?"

"በእኔ። 'ገበየሁ ከደብረ ብርሃን እንዳያልፍ። ተሳቢውን ይፍታ። ወልደ ሐዋርያት።' ስሜን አትዝለይ።"

መልእክቱ ሄደ። መልስ እስኪመጣ ድረስ ሽማግሌው ሠራተኞቹን በር ላይ ሰብስበው መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ አስለቀሙ።

"ከዛሬ ወዲያ ተሳቢ ከመሰሉ ጋር ብቻ ይታሰር። ኢንጂነሩም ለአለቆች አንድ ልክ እንዲገዛ ይጻፍ፤ እኔ እፈርማለሁ። ሁሉም አንድ ልክ ቢሆን፣ አንዱ መኪና መንገድ ላይ ቢቀር ሌላው ተሳቢውን ይዞለት ይሄዳል። እህሉ ሜዳ ላይ አይራገፍም፤ የተራበውም ከቀኑ አልፎ አይጠብቅም። ለአንዱ የገዛነው መለዋወጫ ለሁሉ ይሆናል። ሾፌሩም የሚረግጠውን አውቆ ይረግጣል።" ከዚያ ወደ ኤጀታ ዞሩ። "የማን ልክ ነው ትል ነበር አሉ። ፈረንጆቹ ሲስማሙ እኛም አብረን እንቀመጥ፤ እስከዚያው ግን የማንም ይሁን፣ አንድ ይሁን።"

ኤጀታ ከፕራግ ይዞት ለመጣው ጥያቄ መልስ አገኘ፤ የገጠመ ሁሉ አይስማማም፤ ደስ ግን አላለውም።

"ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ብርሃን" ትላለች ፈትለወርቅ። ሬዲዮው ይንሿሿል። የምሽቱ ጨለማ ግቢውን ሲሸፍነውም መልስ አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም። ጋሽ ወልደ ሐዋርያት በማሽኑ አጠገብ ቆመው ፍሬን እንደሚይዝ ሾፌር ቀኝ እግራቸውን በወለሉ ላይ አጥብቀው ረግጠዋል። ኤጀታ ወንበር ቢያቀርብላቸውም እግራቸውን አላነሡም።