የአባዬ ሁለት በርሜሎች

(ድሬዳዋ፣ ከዚራ። በቁልቢ ገብርኤል ማግስት ረፋድ ላይ፣ ከአባታቸው ቤት ሥር ባለው የወይን ጠጅ ምድር ቤት፣ ታላቅ እህት እልፍነሽ ቁልፉን መቀነቷ ላይ ቋጥራ በርሜሏን ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ታናሽ ወንድሟ አስናቀ በአንድ እጁ ባዶ ጆግ፣ በሌላው አንድ ጠርሙስ ይዞ ፊቷ ቆሟል።)

እልፍነሽ፦ አልሰጥህም አልኩህ እኮ! በአማርኛ ነው የተናገርኩት።

አስናቀ፦ አንድ ጆግ ብቻ፣ እትዬ። አንድ ጆግ ቢቀዳበት በርሜሉ አያለቅስም።

እልፍነሽ፦ ዓይንህን በጨው አጥበህ ነው የመጣኸው? አባዬ እኩል አካፍሎናል። አንድ በርሜል ላንተ፣ አንድ በርሜል ለእኔ። ወይኑ የአንድ ቀን ለቀማ፣ የጨመረበትም አረቄ አንድ ዓይነት። የራስህን የት አደረስከው?

አስናቀ፦ የእኔማ ጠርሙስ ውስጥ ነው። በክብር ታሽጎ፣ አፉ ላይ ቀይ ሰም ፈሶበት።

እልፍነሽ፦ ታዲያ በክብር የታሸገውን ይዘህ አባዬ ፊት ቅረባ! ከእኔ ጆግ ሙሉ ምን አስለመነህ?

አስናቀ፦ ማን ለመነ? ላነጻጽረው ነው።

እልፍነሽ፦ ለማነጻጸር ማንኪያ ይበቃል።

አስናቀ፦ ቶሎ በይ ባክሽ። የአባዬ መኪና የደንገጎን ቁልቁለት መውረድ ጀምሯል ብለው ደውለዋል። ለምሳ ይደርሳል።

እልፍነሽ፦ ይድረስ። «ከቁልቢ ስመለስ አንዳንድ ብርጭቆ ታቀርቡልኛላችሁ፤ ወይን የገባው ልጄ የምድር ቤቱን ቁልፍ ይወስዳል» ነው ያለው። ስለ ጆግ የሰማሁት ነገር የለም።

አስናቀ፦ ቁልፉን በተመለከተ እንኳ አትድከሚ። ለአንድ ሲሚንቶ ነጋዴ ቃል ሰጥቻለሁ።

እልፍነሽ፦ ምን አልክ?

አስናቀ፦ ምድር ቤቱን መጋዘን ሊያደርገው ነው። ሰፊ ነው፣ መኪና እስከ በሩ ይገባል...

እልፍነሽ፦ አባዬና ግሪኩ ሙሴ ስታማቲ ድንጋዩን በእጃቸው የካቡትን ቤት ሲሚንቶ ልትከምርበት?

አስናቀ፦ ታዲያ ምን ልከምርበት? ኤረር የነበረው የወይን ተክል ከተነቀለ ዘመን አልፎታል። ግሪኩም አገሩ ገባ። ከእነዚህ ከሁለቱ በርሜሎች በኋላ እዚህ የሚጠመቅ ነገር የለም። አንቺ ብቻ ነሽ ከበረሮ ጋር የቀረሽው።

እልፍነሽ፦ በረሮው ይሻለኛል። ቢያንስ ሲሚንቶ አይጎትትብኝም።

አስናቀ፦ ቀልድ አማረሽ። እስቲ ይሄ ብርጭቆሽ ላይ የደረቀው ቡኒ ነገር ምንድን ነው? የዛገ ቆርቆሮ ያጠብሽበት ነው እንዴ?

እልፍነሽ፦ ወይን ነው። በርሜል ውስጥ የቆየ ወይን መልኩ ይሄ ነው።

አስናቀ፦ ምስኪን። የእኔን እይ! ብርሃን ላይ ላሳይሽ። ሃያ ዓመት ሙሉ ንቅንቅ ሳይል፣ እንደገባ ቀይ!

እልፍነሽ፦ አትነቅንቀው! አተላው ከታች ተኝቷል፣ ልታደፈርሰው ነው። ደሞስ እንደገባ ቀይ መሆኑ ያስመካል? ጎረምሳ ሆኖ ገባ፣ ጎረምሳ ሆኖ ሊወጣ ነው። አንተ ሃያ ዓመቱን ቆጠርክለት እንጂ እሱ አልኖረውም።

አስናቀ፦ ዕድሜ ዕድሜ ነው። በርሜል ውስጥ ቢሆን፣ ጠርሙስ ውስጥ ቢሆን።

እልፍነሽ፦ ሂድ ወዲያ! በርሜል እንጨት ነው፣ ይተነፍሳል። አየር ትንሽ ትንሽ ያስገባለታል፣ ከወይኑም ትንሽ ትንሽ ይጠጣበታል። አባዬ ገና እየፈላ ሳለ ያን ሁሉ አረቄ ጨምሮ ያስቆመው ጣፋጩ እንዲቀርለት ነው። የአረቄው እሳት ግን የሚበርደው እንጨት ውስጥ ነው። ቀዩ ይሄድና ቡኒው ይመጣል፤ የተቆላ የባቢሌ ለውዝ መሽተት ይጀምራል። ጠርሙስ ውስጥ በቡሽ አፍነኸው በምን ይተነፍስ?

አስናቀ፦ ሙሴ ስታማቲ ራሳቸው «ጠርሙስ ውስጥ የሚያድግም አለ» ይሉ ነበር። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እልፍነሽ፦ ግማሹን ነው የሰማኸው። መጀመሪያ እንጨት ውስጥ ልብ የገዛ፣ ከዚያ ጎኑ ላይ ተኝቶ፣ ጨለማ ውስጥ፣ ቀስ ብሎ። አንተ የት ነው ያስቀመጥከው?

አስናቀ፦ ቡፌ ላይ።

እልፍነሽ፦ ቆሞ?

አስናቀ፦ ሪባን አስሬለት።

እልፍነሽ፦ ሪባን! ከሸክላ ውሻውና ከፕላስቲክ አበባው መሃል! ቡሹ ደርቆ አየር እየሳበ፣ የመስኮቱ ፀሐይ እየቀቀለው!

አስናቀ፦ ቡፌ ላይ ያቆምኳት አንዷን ብቻ ነው። የቀሩትን ባለቤቴ ቦታ ብታጣ ከአልጋ ሥር አጋድማቸዋለች። ይሄም ከዚያው የወጣ ነው።

እልፍነሽ፦ ተመስገን። ከቤታችሁ ወይን የገባት እሷ ናት፣ እሷም ሳታውቀው። ለመሆኑ አንተ ቀምሰኸዋል?

አስናቀ፦ ዛሬ ጠዋት።

እልፍነሽ፦ እና?

አስናቀ፦ ጥሩ ነው።

እልፍነሽ፦ ጥሩ ከሆነ ጆጉን ይዘህ ውጣልኝ።

አስናቀ፦ እሺ! ጉሮሮ ይልጣል! ደስ አለሽ? አረቄው ለብቻው ይጮኻል፣ ወይኑ ለብቻው ይጮኻል። ሁለቱ እስከ ዛሬ አልተዋወቁም።

እልፍነሽ፦ መች ጊዜ ሰጠሃቸው? ዓመት እንኳ ሳይሞላው ገልብጠህ አሸግከው። ምን አጣደፈህ?

አስናቀ፦ ምን ላድርግ? በመጀመሪያው በጋ በርሜሉን ባንኳኳው ጎድሏል! ጠዋት ማታ እየተሰረቅኩ ዝም ልበል? ጠርሙስ ውስጥ ከተትኩት፣ ዘበኛውንም አባረርኩት።

እልፍነሽ፦ የቱን ዘበኛ?

አስናቀ፦ ጠይብን።

እልፍነሽ፦ ጠይብን? አላህን የሚፈራውን፣ ጠብታ አልኮል በከንፈሩ ያልዞረውን ሰውዬ በወይን ጠጅ ሌብነት አባረርከው?

አስናቀ፦ እኔ ምን ላውቅ! ጎደለ አልኩሽ እኮ!

እልፍነሽ፦ እንጨቱ ነው የጠጣው፣ አንተ ደንቆሮ! በድሬዳዋ ሙቀት በርሜል ካልጎደለ ነው የሚገርመው! ምስኪኑ ነጋ ጠባ የሚያፍርበት የወይን ሌባ የሚል ስም ወጣለት፣ አንተ ደግሞ ወይኑን ከሌባ ያዳንክ መስሎህ ከዕድሜው ነጠልከው። ሰውም ወይንም በአንድ ቀን አበላሸህ። ጉድ እኮ ነው!

አስናቀ፦ ጨረስሽ? እንግዲህ የአዋቂዋን በርሜል ደግሞ እናንኳኳው።

እልፍነሽ፦ እጅህን ሰብስብ!

አስናቀ፦ ቆይ፣ ቆይ። እዚህ ባዶ ነው። እዚህም ባዶ ነው። እታች ድረስ ባዶ ነው፣ እትዬ! ይሄ እኮ በርሜል ሳይሆን ከበሮ ነው!

እልፍነሽ፦ ይጎድላል አልኩህ እኮ።

አስናቀ፦ ይጎድላልና ይጠፋል አንድ ነው? መቅጃ ቱቦውን አቀብዪኝ፣ ልቅመሰው።

እልፍነሽ፦ አትቀምስም።

አስናቀ፦ ለምን? አንቺ ራስሽ መቼ ነው የቀመስሽው?

እልፍነሽ፦ ምን አገባህ?

አስናቀ፦ ኧረ ይሄ ነገር አለው። እኔው ራሴ እቀዳለሁ። ብርጭቆውን ያዢ... ኸረ! እንደ ማር ተጎትቶ ነው እንዴ የሚወርደው? ኡፍፍ! ይሄ ኮሶ ነው! በር የላስኩ ነው የመሰለኝ! አንድ ሰዓት ሙሉ የእኔን ጎረምሳ ስትሰድቢ የአንቺው ሽማግሌ ሞቶ ተቀምጧል! ለአባዬ ልታቀርቢለት የነበረው ይሄን ነው?

እልፍነሽ፦ ሳቅ። ሳቅብኝ፣ ይገባኛል።

አስናቀ፦ ምነው? የት ሄደ ያ ሁሉ ምላስ?

እልፍነሽ፦ ከሦስት ዓመት በፊት መውጣት ነበረበት። ያኔ ቀምሼው ዕንባዬ መጥቷል፣ እንደዚያ ያለ ነገር በአፌ ዞሮ አያውቅም። ያን ቀን ልገለብጠው ጠርሙስ አጥቤ፣ ቡሽ ነክሬ ጨርሼ ነበር።

አስናቀ፦ ታዲያ ምን ያዘሽ?

እልፍነሽ፦ ፈራሁ። ካሸግኩት አለቀ ማለት ነው፣ ሌላ የለም። ተክሉ የለም፣ ግሪኩ የለም፣ አባዬም እንደምታየው ነው። በርሜሉ ከተዘጋ እኔ እዚህ ምድር ቤት ምን ልሠራ እመጣለሁ? አንድ ክረምት ይቆይ፣ አንድ በጋ ይቆይ እያልኩ ገደልኩት።

አስናቀ፦ ለእኔ ስትሆኚ ፕሮፌሰር፣ ለራስሽ ስትሆኚ ፈሪ።

እልፍነሽ፦ አዎ። አሁን ጆግህን ይዘህ ሂድ። ሁለታችንም እንዋረዳለን፣ አንተም ለሲሚንቶ ነጋዴህ ትደርሳለህ።

አስናቀ፦ ቆይ መጀመሪያ አፌን ልጠብ፤ ይሄ ምሬት ምላሴን አሰረው። ከራሴ ትንሽ...

እልፍነሽ፦ እዚያው ብርጭቆ ላይ? የእኔ ዝቃጭ እኮ አለበት!

አስናቀ፦ ከዚህ ወዲያ ምን ይበላሻል?

እልፍነሽ፦ ምናልባት አንተ... ምነው? አነቀህ?

አስናቀ፦ እትዬ።

እልፍነሽ፦ ምንድን ነው?

አስናቀ፦ ያዢ። ቅመሺ።

እልፍነሽ፦ አልቀምስም፣ አፍህን የታጠብክበትን!

አስናቀ፦ ቅመሺ ነው የምልሽ!

እልፍነሽ፦ ወይ ጣጣ... እ?... ለውዙ አለ። ዘቢቡም አለ። ምሬቱ የት ሄደ?

አስናቀ፦ የእኔም እሳት የለም። እኔም የት እንደሄደ እየፈለግኩት ነው።

እልፍነሽ፦ ያንተ ጥጋብ የእኔን ድርቀት አራሰው ማለት ነው። ስጠኝ ጠርሙሱን። አንተ አትቅዳ፣ አተላውን ትገለብጠዋለህ። ያንን ጆግህን ወዲህ በለው።

አስናቀ፦ አሁን ጆጉ ተፈለገ!

እልፍነሽ፦ ዝም በል። ከእኔ ትንሽ፣ ካንተ በዛ ያለ። ትንሽ ነው የሚበቃው፣ የእኔ ጉልበተኛ ነው... እስቲ አሁን።

አስናቀ፦ አምላኬ!

እልፍነሽ፦ ያኔ ያስለቀሰኝን ይመስላል። ልጁን እንጂ እሱን ራሱን አይደለም፣ ግን ይመስላል።

አስናቀ፦ ይሄን ይዤ አባዬ ፊት ብቀርብ እኮ...

እልፍነሽ፦ አንተ ይዘህ? በማን ጉልበት የጣፈጠውን?

አስናቀ፦ በማን ጠርሙስ?

እልፍነሽ፦ በማን በርሜል?

አስናቀ፦ እሺ፣ ሁለታችንም እንቅዳ። ሁለት ብርጭቆ፣ አንድ ወይን። ያውቅብናል ግን። ያ ምላስ አይሸወድም።

እልፍነሽ፦ ይወቅ። አልሰረቅንም። ግን አንድ ነገር አለ፤ ከምሳ በኋላ በእግርህ ጠይብ ቤት ሄደህ፣ ጎረቤቱ ፊት ይቅርታ ትጠይቀዋለህ። ያለዚያ በርሜሌን እነካለሁ ብለህ እንዳታስብ።

አስናቀ፦ ጎረቤት ፊት?

እልፍነሽ፦ ያባረርከው ጎረቤት ፊት አይደል?

አስናቀ፦ ይሁን፣ እሄዳለሁ። መኪናው! ጥሩምባው ተሰማሽ? መጡ። ቆይ፣ ቆይ እትዬ። ሁለቱም ብርጭቆ አንድ ከሆነ አባዬ ማንን ሊመርጥ ነው?

እልፍነሽ፦ ማንንም።

አስናቀ፦ ታዲያ ቁልፉስ?

እልፍነሽ፦ ያለበት ይቆያላ።

አስናቀ፦ ያለበትማ አንቺ መቀነት ላይ ነው!

እልፍነሽ፦ ቅር ካለህ ያንን ጉሮሮ የሚልጠውን ብቻውን አቅርብለት። ማን ያዘህ? በሩ ክፍት ነው፣ ነጋዴውም እየጠበቀህ ነው።

አስናቀ፦ ለነጋዴው እንደማይሆን ራስሽ ንገሪው። ለእኔ ከመውጣታችን በፊት ትንሽ ድገሚልኝ።