ለኤፍራታ ያልደረሰው መድኃኒት

ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ፤ የሰባት ዓመቷ ኤፍራታ ከሞተች በአርባኛው ቀን፣ አባቷ ንጋቱ ተመራማሪ እናቷን ትርሲትን ወደ ቤት ሊወስዳት መጥቷል።

ንጋቱ፦ እንግዳው ሁሉ «እናቲቱስ?» እያለ ነው። ምን ልበላቸው? «ባክቴሪያ እየመገበች ነው» ልበል?

ትርሲት፦ በላቸው። እውነት ነው።

ንጋቱ፦ ትርሲት! ዛሬ እኮ አርባዋ ነው።

ትርሲት፦ ቀኑ የጠፋኝ መሰለህ? ና፣ ይቺን ወረቀት እያት።

ንጋቱ፦ እኔ መካኒክ ነኝ፤ ምኑን አውቀዋለሁ?

ትርሲት፦ ይሄ ያስገባነው ርካሽ ሆርሞን ነው። ይሄኛው ደግሞ የወጣው። ከአፈር ያገኘናት ባክቴሪያ ኢንዛይም አላት፤ ሆርሞኑ ላይ፣ በትክክለኛው ቦታ፣ ኦክስጅን ትሰካበታለች። ያኔ ሌላ ነገር ይሆናል።

ንጋቱ፦ ምን ይሆናል?

ትርሲት፦ የልጄ ገላ መሥራት ያቃተው ሆርሞን። የኤፍራታ መድኃኒት።

ንጋቱ፦ መቼ?

ትርሲት፦ ትናንት። አምስት ዓመት ሙሉ እምቢ ስትለኝ ከርማ ትናንት እሺ አለች።

ንጋቱ፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ትርሲት፦ ጮኸ። እና ይሄን ይዤ ድንኳኑ ውስጥ ማን ፊት ልቀመጥ?

ንጋቱ፦ እኔስ በየትኛው ፊቴ ነው የተቀመጥኩት? እናቴ «ይውጣልህ፣ አልቅስ» ትለኛለች። እንባው ከየት ይምጣ?

ትርሲት፦ አንተ ምን አጠፋህ? መድኃኒቱ ከከተማው ጠፋ። ያልዞርክበት ፋርማሲ የለም።

ንጋቱ፦ ተይ፣ አታጽናኚኝ!

ትርሲት፦ ምን ሆንክ አንተ?

ንጋቱ፦ ሃያ ፍሬ ሲቀር ፈራሁ። አዲስ እስኪገባ ላድርሳት ብዬ የማታውን ለሁለት እየከፈልኩ ግማሹን ነበር የምሰጣት።

ትርሲት፦ ሳትነግረኝ?

ንጋቱ፦ ሐኪሟ «ቅንጣት እንዳታጎድሉባት» ስትለን አብረን ሰምተን፣ በምን አፌ ልንገርሽ? የተረፉት ግማሾች አሁንም ኮቴ ኪስ ውስጥ አሉ። አውጥቼ መጣል አቃተኝ።

ትርሲት፦ ስንት ቀን?

ንጋቱ፦ ዘጠኝ። ስደቢኝ። ምቺኝ።

ትርሲት፦ ንጋቱ…

ንጋቱ፦ አቤት።

ትርሲት፦ የጠዋቱን የምሰጣት እኔ ነበርኩ፣ አይደል?

ንጋቱ፦ አዎ።

ትርሲት፦ እኔም እየከፈልኩ ነበር።