አልዱባ ላይ የጠጣሁት ደም

በደርግ ጊዜ በመንግሥት የእንስሳት ምርምር ላብራቶሪ ስሠራ፣ ገንዲ የሚባለውን የከብት በሽታ ልንመረምር ከላብራቶሪው የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ጋር ከጂንካ ወደ በና ብሔረሰብ አገር፣ ወደ አልዱባ ወረድን። ከአንድ የበና ሽማግሌ በሬ ጆሮ ጠብታ ደም ስወስድ ሰውዬው አዘነልኝ። "ከሩቅ መጥተህ ይቺ ምን ትሆንሃለች?" አለና የበሬውን የአንገት ሥር በፍላጻ ወግቶ ትኩሱን ደም በቅል ሞልቶ ሰጠኝ። ለእነሱ ደም ምግብ ነው፤ እንግዳም ይጋበዝበታል። ዶክተሩን ባየው "እንቢ ካልክ አንድ ከብት አያመጡልንም፤ ጠጣ" አለኝ። ዕለቱ ደግሞ ረቡዕ፣ እኔም ጾመኛ። ዓይኔን ጨፍኜ ጨለጥኩት።

ከዚያ ጠብታዋን ማይክሮስኮፕ ሥር አድርገን ሽማግሌውን ጠርተን አሳየነው። የገንዲው ተውሳክ እንደ ጉድ ይርመሰመሳል። ዶክተሩም "በሬህን የሚያከሳው ይሄ ነው፤ መርፌ ስንወጋው ይድናል፤ ሰውን ግን አይነካም" ብሎ አስረዳው። ሽማግሌው አንዴ ማይክሮስኮፑን፣ አንዴ እኔን አየ።

"ይሄ ሰው ጠጥቷል፤ እሱም ውስጥ አለ" አለ። "መርፌውን መጀመሪያ እሱን ውጋ። ነገ ከተነሣ ከብቶቼን ሁሉ አመጣለሁ።"

እየሳቅኩ ወደ ዶክተሩ ዞርኩ። ዶክተሩ አልሳቀም፤ የሽማግሌውን በረት ሙሉ ከብት እያየ ያስብ ነበር።